የመጀመሪያዋ ቼክ 340 ዶላር ነበረች

የመጀመሪያዋን ቼክ የተቀበልኩት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አንዲት እናት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው። ፌብሩዋሪ 2020። የሸጥኩላቸው የሠራተኞችን ሰዓት የሚመዘግብ የስልክ አፕ ነው። 17 ሠራተኛ፣ በነፍስ ወከፍ 20 ዶላር፣ ጠቅላላ 340 ዶላር። ሴትዮዋ የሆም ኬር ኤጀንሲ አላቸው። ቤታቸው ለሚጦሩ አዛውንቶችና ሕመምተኞች ተንከባካቢ ይልካሉ። ቼኩን ጽፈው ሲጨርሱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ "የኔ ልጅ፣ ሁለት ወር አየዋለሁ። ካልሆነልኝ አቆማለሁ፣ ቅር እንዳይልሽ" አሉኝ። "ኧረ በጭራሽ፣ እትዬ" አልኳቸው። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ ልንገራችሁ። ከዚያች ቀን በፊት በነበሩት 14 ወራት 47 ኢንቨስተሮች አነጋግሬያለሁ። ቁጥሩን የማውቀው ሁሉንም አንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ስለምጽፍ ነው፤ ቀኑን፣ የጠየቁኝን፣ የመለስኩትን። ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። አዳመጡኝ፣ አበረታቱኝ፣ "በርቺ" አሉኝ። ከማንም ኪስ ግን አንድ ዶላር አልወጣም። ሶፍትዌሬን ገንዘብ አውጥተው የገዙት የመጀመሪያዋ ሰው ስታርታፕ (ጀማሪ የቴክኖሎጂ ድርጅት) የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ፣ ደረሰኝ በጫማ ካርቶን የሚያስቀምጡ እናት ናቸው።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛዋ እንደኔ በቴክኖሎጂ ሥራ የራሷን ነገር ልትጀምር የተነሳች እህት ናት። ሁለተኛው ደግሞ "ጥቁር ሴት ሥራ ፈጣሪዎችን መደገፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ምን ላድርግ?" ብሎ ከልቡ የሚጠይቅ ሰው ነው። እንደዚህ ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ ሐበሻም፣ አሜሪካዊም። መልሴ አጭር ነው። ግዙ፣ አገናኙ፣ ቶሎ ክፈሉ። ይህን ለማወቅ ግን እኔ ብዙ ተንከራትቻለሁ፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ነገሩ የመጣው ከእናቴ ነው። እናቴ አሜሪካ ከገባች ጀምሮ 11 ዓመት ሆም ሄልዝ ኤይድ (የቤት ለቤት ተንከባካቢ) ሆና ሠርታለች። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ኮንግረስ ያወጣው ትዌንቲ ፈርስት ሴንቸሪ ኪዩርስ አክት የሚባል ሕግ አለ። በሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የጤና መድን፣ የሚከፈል የቤት ለቤት እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲመዘገብ ያዛል። ስድስት ነገር ነው የሚመዘገበው። ምን ዓይነት አገልግሎት እንደተሰጠ፣ ለማን፣ በማን፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት። ለግል እንክብካቤ ቀነ ገደቡ ጃንዋሪ 2020 ነበር፣ ለሆም ሄልዝ (በቤት ለሚሰጥ ሕክምና) ደግሞ ጃንዋሪ 2023። ስለዚህ ኤጀንሲዎቹ ቀደም ብለው መዘጋጀት ጀመሩ፣ የእናቴም አሠሪ አንድ አፕ ስልኳ ላይ ጫነላት።

አፑ እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። የምትንከባከባቸው አሮጊት ደግሞ የሚኖሩት ቤዝመንት ውስጥ ነው፣ ኔትወርክ የለም። እናቴ ምሳ ሰዓቴን ጠብቃ ትደውልልኛለች፤ "ልጄ፣ ይሄ ነገር ዝም ብሎ ይዞራል፣ የቱን ልንካ?" አንድ ጊዜ 22 ሰዓት ሠርታ "አልተመዘገበም" ተባለች። አሮጊቷን አጥባ፣ አብልታ፣ መድኃኒታቸውን አስታውሳ፣ ሌሊት ስታገላብጣቸው አድራ፣ 22 ሰዓቷ የለም። ገንዘቧን ለማግኘት አምስት ሳምንት ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነባት። ሕጉ ራሱ አሠራሩ በተቻለ መጠን ሸክም እንዳይሆን ይላል። የእናቴ ስልክ ላይ ግን ሸክም ነበር።

እኔ የሠራሁት ነገር ቀላል ነው። ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልካል። በአማርኛ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ኤጀንሲው የሚስማማውን ሲስተም ራሱ መርጦ ነው የሚገዛው፤ እንጀራዬ የወጣው ከዚህች ነገር ነው።

መጀመሪያ የሞከሩት እናቴና አምስት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። እቤታችን ሳሎን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። የእንግሊዝኛው አፕ ላይ "ስታርት ቪዚት" የሚለውን እኔ "ጉብኝት ጀምር" ብዬ ተርጉሜው ነበር። አንዷ ስልኩን አየት አድርጋ፣ "የምን ጉብኝት ነው? እኔ ልጠይቃቸው ነው እንዴ የምሄደው? ሥራ ነው የምገባው" አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ያንኑ ቀን ማታ ቁልፉን "ሥራ ገባሁ" አልኩት፣ ሌላውን "ሥራ ወጣሁ"። መጠኑንም የእጃቸው አውራ ጣት እንዲያርፍበት አሰፋሁት፤ ጓንት አውልቀው፣ እጃቸው እርጥብ እንደሆነ ነው የሚነኩት። ዛሬም ደንበኞቼ ከሁሉም የሚወዱት ያቺን ቁልፍ ነው። ኋላ ትግርኛና ፈረንሳይኛ ጨመርን፤ ፈረንሳይኛው ለካሜሩን እህቶች ነው። ያን ቀን እነዚያ ስድስት ሴቶች የሰጡኝን እርዳታ ማንም አማካሪ በሰዓት ተከፍሎት አልሰጠኝም።

አንድ የከፋ ስህተት ሠርቻለሁ፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም። ስጀምር ብቻዬን አልነበርኩም፣ የኮሌጅ ጓደኛዬ ነበረች። ድርጅቱን እኩል ለእኩል ተካፈልን፣ 50 በ50። ወረቀቱን ከኢንተርኔት አውርደን ሞላን፣ ፈረምን፣ ፎቶ ተነሳን። በስምንተኛው ወር እሷ ሌላ ሥራ አገኘችና ሄደች። አልፈርድባትም፣ የቤት ኪራይ አለባት። ግን የድርጅቱ ግማሽ በእጇ ነው፣ ኢንቨስተር ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄው "ባለቤቶቹ እነማን ናቸው?" ነው። ነገሩ ያለቀው በሽማግሌ ነው። የሁለታችንንም ቤተሰብ የሚያውቁ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አስቀመጡን፣ ቡና ተፈላ፣ እሷም እኔም የሆዳችንን ተናገርን። 8 በመቶ ይዛ ቀሪውን መለሰች። ከዚያ በጠበቃ አጸደቅነው። ጓደኝነታችን ተረፈ፣ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን አምስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ስለዚህ እህቴ፣ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት ቬስቲንግ አድርጊ። አክሲዮኑ በአንድ ቀን አይሰጥም፣ እየሠራሽ ቀስ በቀስ ነው የሚገባሽ። የተለመደው አራት ዓመት ነው፤ አንድ ዓመት ሳይሞላት የሄደች ምንም አትወስድም። ይህን ስታደርጊ ደግሞ ኤይቲ ስሪ ቢ (83(b)) የሚባለውን ቅጽ አክሲዮኑን ባገኘሽ በ30 ቀን ውስጥ ለአይአርኤስ (ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) ላኪ። 30 ቀን ማለት 30 ቀን ነው፣ ይቅርታ የለውም። ካልላክሽ፣ አክሲዮኑ በየጊዜው እጅሽ ሲገባ ያን ጊዜ ባለው ዋጋ ታክስ ይጠየቅበታል፣ ድርጅቱ ካደገ ደግሞ ያ ዋጋ ቀላል አይደለም። ጠበቃ ለአንድ ሰዓት መክፈል ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ወደ ኢንቨስተሮቹ ልመለስ። ሰማያዊ ደብተሬን ቁጭ ብዬ ሳነበው ጥያቄዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። "ደንበኛ ቢያቋርጥስ?" "ስቴቱ የራሱን ሲስተም ቢያመጣስ?" "ብቻሽን ነሽ፣ ብትታመሚስ?" በየገጹ "ቢሆንስ፣ ቢሆንስ" ነው። የእኔ ችግር ብቻ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ዳና ካንዝ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሠራችውን ጥናት አገኘሁ። ጀማሪ ድርጅቶች ሐሳባቸውን ለኢንቨስተሮች በሚያቀርቡበት በኒው ዮርክ የቴክክራንች ዲስረፕት መድረክ ላይ ከ2010 እስከ 2016 ለሥራ ፈጣሪዎች የቀረቡትን ጥያቄዎች ቆጥረዋል። ለወንዶቹ ከቀረበው 67 በመቶው ስለ ማደግና ስለ ማሸነፍ ነው። ለሴቶቹ 66 በመቶው ስለ ኪሳራና ስለ ጥንቃቄ ነው። እና ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው፦ የጥንቃቄ ጥያቄ ተጠይቀው መልሱን ወደ ዕድገት ያዞሩት ሰዎች፣ እዚያው ጥንቃቄው ላይ ከቆዩት ይልቅ ብዙ ገንዘብ አግኝተዋል።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ጀመርኩ። እህቴ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ኢንቨስተር ትሆናለች፣ እኔ ቆሜ እመልሳለሁ። "ደንበኛ ቢያቋርጥስ?" ትላለች። ድሮ እንዴት እንደማያቋርጡ አሥር ደቂቃ አስረዳ ነበር። አሁን "እስካሁን ያቋረጠ የለም፤ ሦስቱ ደግሞ ሌላ ኤጀንሲ አምጥተውልኛል፣ በዚህ ከቀጠለ በዓመት ውስጥ እጥፍ እንሆናለን" ብዬ ቁጥሩን አሳያለሁ። ውሸት የለበትም። የማወራው ስለ ሌላው የእውነት ግማሽ ነው። ኢንቨስተር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ለወንዱ ልጅ "ምን ያህል ትልቅ ሊሆን ይችላል?" ብላችሁ እንደምትጠይቁት ለእኛም ጠይቁን። ይሄ ምንም ወጪ የለውም።

አሁን ትንሽ የሚከብደኝን ልናገር። አሜሪካ ስመጣ ራሴን "ጥቁር ሴት ሥራ ፈጣሪ" ብዬ አልጠራም ነበር። ሐበሻ ነኝ፣ ኢትዮጵያዊት ነኝ፣ አለቀ። አንድ ስብሰባ ላይ ለሐኪም ቤቶች የክፍያ ሶፍትዌር የሠራች አፍሪካ አሜሪካዊት ሴት ተዋወቅሁ፣ በዕድሜ እናቴን ትሆናለች። ስለ ጥቁር ሴቶች ፕሮግራም ስትነግረኝ "እኔ እንኳ ኢትዮጵያዊት ነኝ" አልኳት። አልተቆጣችም። "ባንክ ስትገቢ ብድር ሰጪው አገርሽን ጠይቆ ነው የሚመልስሽ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ያን ቀን ማታ እስኪነጋ ስለዚህ ነገር አሰብኩ። እኛ የምንገባበትን መንገድ የጠረጉት እነሱ ናቸው። እኛ መጥተን ተራመድንበት፣ ማን እንደጠረገው ሳንጠይቅ።

ይህን ስል ዝም ብዬ አይደለም። ዲጂታል አንዲቫይድድ የሚባል ድርጅት በሲቪል መብት ታጋይዋ በዳያን ናሽ ስም የሰየመው ፕሮጀክት ዳያን የሚባል ጥናት አለው። በ2016 ሲወጣ በመላው አሜሪካ ከኢንቨስተር 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የሰበሰቡ ጥቁር ሴቶች 11 ብቻ ነበሩ። በ2018 34 ሆኑ፣ በ2020 93። ቁጥሩ ያደገው ማንም ስለ ራራልን አይደለም፣ እንደ አርላን ሃሚልተን ያሉ ሴቶች ስለገፉት ነው። አርላን ባክስቴጅ ካፒታል የሚባለውን የኢንቨስትመንት ፈንድ በ2015 ስትመሠርት ቤት አልነበራትም፣ ሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ ያደረችባቸው ሌሊቶች ነበሩ። የእኛም ልጆች አሉበት። አዲስ አበባ የተወለዱት ትምኒት ገብሩና ረድኤት አበበ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሙያ ያሉ ጥቁሮች የሚሰባሰቡበትን ብላክ ኢን ኤአይን በ2017 ሲያቋቁሙ "እኛ ሐበሻ ነን" ብለው ለብቻቸው ጥግ አልያዙም።

ያቺ ስብሰባ ላይ የተዋወቅኋት ሴት ለእኔ ያደረገችውን ልንገራችሁ፤ መካሪና ደጋፊ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። መካሪ አጣሁ ብዬ አላውቅም። በየስብሰባው የሚመክር ሞልቷል። እሷ ግን እኔ በሌለሁበት ስሜን አነሳች። ለሦስት ሰው ኢሜይል ጻፈች፣ አንዱ ትልቅ የአዛውንቶች እንክብካቤ ድርጅት ነው። እኔ ለዚያው ድርጅት አራት ጊዜ ጽፌ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውኝ ነበር። እሷ በጻፈች በሁለተኛው ቀን ደወሉልኝ። በ2021 ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና 150 ሺህ ዶላር በሴፍ ሰጠችኝ። ሴፍ ጀማሪ ድርጅቶችን የሚደግፈው ዋይ ኮምቢኔተር በ2013 ያወጣው ውል ነው፤ ገንዘቡን አሁን ትቀበያለሽ፣ አክሲዮኑን የምትሰጪው ኋላ የድርጅቱ ዋጋ ሲተመን ነው። ቀላል ስለሚመስል ብዙ ሰው በላይ በላዩ ይፈርማል። በየፊርማው ስንት በመቶ እንደሸጥሽ በወረቀት አስልተሽ ካላየሽ፣ ዋጋው የተተመነ ቀን ትደነግጫለሽ።

ስለ ፓነል፣ ስለ መድረክ ውይይት ማለቴ ነው፣ ሳልናገር አላልፍም። ከሜይ 2020 በኋላ፣ ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ በኋላ ማለቴ ነው፣ ብዙ ድርጅት ጥቁር ሥራ ፈጣሪዎችን እንደግፋለን ብሎ ተነሳ። ለእኔ የደረሰኝ ድጋፍ ግብዣ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ንግግር እንዳደርግ ተጠራሁ፣ ሁሉም በነፃ። ለእያንዳንዱ ስዘጋጅ፣ ስሄድ፣ ስመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ዘጠኝ የሥራ ቀን ነው። አሥረኛው ሲመጣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጻፍኩላቸው፦ "በደስታ እመጣለሁ። ከንግግሩ በኋላ ግን ከግዢ ክፍላችሁ ኃላፊ ጋር ግማሽ ሰዓት እንድገናኝ አድርጉልኝ።" ጋባዧ ወዲያው "እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብነውም!" ብላ መለሰችልኝ። እውነትም አላሰቡትም ነበር። ያ ግማሽ ሰዓት ኮንትራት ሆነ። ስለዚህ ትልቅ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ሰዎች፣ የምትችሉት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ግዢ ክፍል ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አገናኙን።

ኮንትራት ሲገኝ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ውሉ ላይ "ኔት 90" ይላል፤ የክፍያ መጠየቂያ በላክሽ በ90 ቀን ይከፈልሻል ማለት ነው። ለትልቅ ድርጅት ይሄ የተለመደ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር፣ ደመወዝ በየ15 ቀኑ ነው። ትልቁን ሥራ ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ ባንክ ያለኝ ገንዘብ ግን ሦስት ሳምንት አያስኬድም። ባንክ ሄድኩ፣ ድርጅቱ ገና ልጅ ነው ተባልኩ።

ያዳነኝ እቁብ ነው። 20 ሰው ነን፣ በወር 500 ዶላር፣ ዕጣው 10 ሺህ ዶላር። ዕጣ የሚወጣበት ቀን እናቴ ቡና ስትቀዳ ለሰብሳቢዋ ችግሬን ሹክ አለቻት፣ እኔ ሳላውቅ። ዕጣው ለአንዲት ነርስ ወጣ። ልጅቷ መኪና ልትቀይር ገንዘቡን ስትጠብቅ የነበረች ናት። ሰብሳቢዋ ጠጋ ብላ አናገረቻት። ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ "ስንት ሰው ነው ደመወዝ የሚጠብቅሽ?" አለችኝ። "ሁለት" አልኳት። "በይ ያዢው፣ የኔ መኪና ገና ይሄዳል" ብላ ዕጣዋን ለቀቀችልኝ። የሷ ዕጣ በእኔ ተራ፣ ከሰባት ወር በኋላ ደረሳት። አሁንም በየገናው በግ ይዤ እሄዳለሁ ቤቷ።

እቁብን የማነሳው ግን "የኛ ባህል ጥሩ ነው" ለማለት ብቻ አይደለም። ኔት 90ን ኔት 15 ማድረግ ለአንድ ትልቅ ድርጅት የአንድ ሰው ፊርማ ነው። ያን ፊርማ የምትፈርሙ ከሆናችሁ፣ ከየትኛውም የሽልማት ውድድር በላይ ትጠቅሙናላችሁ። እህቴ፣ አንቺም ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ኮንትራት "30 ቀን ይሁንልኝ" ስላቸው "እሺ" አሉ፣ ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ስለ ግራንት፣ ማለትም ስለማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ፣ ደግሞ ይህችን ልበል። በ2023 አትላንታ ያለው ፊርለስ ፈንድ ለጥቁር ሴቶች የሚሰጠውን የ20 ሺህ ዶላር ግራንት ላመለክት እየተዘጋጀሁ ነበር። በኦገስት አንድ ቡድን ለአንድ ዘር ብቻ መስጠት አድልዎ ነው ብሎ ፈንዱን ከሰሰው። ክሱ የቆመው በ1866 በወጣው የሲቪል መብት ሕግ ላይ ነው፤ ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች እንደ ነጮቹ ውል እንዲዋዋሉ የወጣውን ሕግ ማለት ነው። በጁን 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ግራንቱን አገደው፣ በሴፕቴምበር ተስማሙና ውድድሩ ተዘጋ። ያን ዜና ሳነብ ለራሴ 20 ሺህ ዶላር አይደለም ያዘንኩት። ከእኔ በኋላ የሚመጡት ልጆች ታዩኝ። ከዚያ ወዲህ ለግራንት የምታመለክት ሁሉ መስፈርቱን በየዓመቱ እንደ አዲስ ማንበብ አለባት። የዓመት ዕቅድሽን በግራንት ላይ አትሥሪ። ካገኘሽ እሰየው።

ሌላ የሚሞከር ነገር ግን አለ። ቨርጂኒያ ላይ ያላችሁ ስዋም የሚባለውን የምስክር ወረቀት አውጡ፤ የትናንሽ፣ የሴቶችና የማይኖሪቲ ድርጅቶች ምስክር ወረቀት ነው፣ ለስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ስትሸጡ ይረዳል። ወረቀቱ ብዙ ነው፣ እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ከ1964 ጀምሮ ያለው ስኮር የሚባል ድርጅት በነፃ ልምድ ካለው ነጋዴ ጋር ያገናኛል፤ የመጀመሪያው ሰው ካልተስማማሽ ሌላ መጠየቅ ትችያለሽ። አርሊንግተን ደግሞ በ1983 የተቋቋመው የኢትዮጵያውያን ኮሚዩኒቲ ዴቨሎፕመንት ካውንስል አለ። በሥሩ ያለው ኢንተርፕራይዝ ዴቨሎፕመንት ግሩፕ ለአነስተኛ ንግዶች ብድር ይሰጣል። ብዙ ሰው የሬስቶራንትና የታክሲ ብቻ ይመስለዋል። የቴክኖሎጂ ንግድም ንግድ ነው፣ ሂዱና ጠይቁ።

ለራሳችን ሰው አንድ ልመና አለኝ፣ በፍቅር ነው የምናገረው። "ለሐበሻ ቅናሽ የለውም?" የምትለዋን ተዉልን። የዘመድ ልጅ ስለሆንኩ በነፃ ይሁን ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ፈረንጅ ሲሸጥላችሁ ሙሉ ዋጋ ትከፍላላችሁ። እኔ ላይ 20 ዶላር ስትከራከሩ የምትከራከሩት ከሠራተኛዬ ደመወዝ ጋር ነው። እኚያ የ340 ዶላሯ እናት ቅናሽ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስልኩ ሲበላሽ ማታ እንዳነሳላቸው ነው። አነሳሁም፣ ሌሊት 6 ሰዓት ጭምር።

በፍቅር ብለው ገንዘብ ሊሰጡኝ የመጡም አሉ። "5 ሺህ ልስጥሽና ሼር ስጪኝ" ይላሉ። ደስ ይላል፣ ግን ሕግ አለው። ለአብዛኛው የግል ኢንቨስትመንት የሚፈለገው አክሬዲትድ ኢንቨስተር ነው፤ በዓመት 200 ሺህ ዶላር የሚያገኝ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር 300 ሺህ፣ ወይም ከመኖሪያ ቤቱ ውጪ 1 ሚሊዮን ዶላር ሀብት ያለው። አክስቴ ይህን አታሟላም። ለሌላው ሰው በሕግ የተፈቀደ የክራውድፈንዲንግ (ከብዙ ሰው ትንሽ ትንሽ ገንዘብ የማሰባሰብ) መንገድ አለ፣ ከ2021 ጀምሮ በዓመት እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ይቻላል፣ ግን በተመዘገበ የኢንተርኔት ፖርታል በኩል ነው። በዋትስአፕ ግሩፕ ሼር አትሽጪ። አክስቴን "ገንዘቡን ተይው፣ የምታውቂያቸውን ሁለት የኤጀንሲ ባለቤቶች አስተዋውቂኝ" አልኳት። አስተዋወቀችኝ። ዛሬ ሁለቱም ደንበኞቼ ናቸው።

የማስተዋወቂያ ኢሜይል እንዴት እንደሚጻፍ ግራ ለሚገባችሁ፣ ያቺ አፍሪካ አሜሪካዊት ሴት ስለ እኔ የጻፈችው አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። አክስቴም በቫይበር የላከችው እሱኑ በአማርኛ አድርጌ ሰጥቻት ነው። ይኸውላችሁ፣ ስሙንና ሥራውን ቀይራችሁ ላኩት፦

"ሰላም፣ እንደምን ሰነበትሽ። ይህች ልጅ የሠራተኞችን ሰዓት የሚመዘግብ አፕ ሠርታለች፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፣ የማውቃቸው ሰዎች ተጠቅመው ወደውታል። አንቺም በዚህ ነገር እንደምትቸገሪ ነግረሽኝ ነበር። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ 20 ደቂቃ ብትሰጫት ደስ ይለኛል፣ ሐሙስ ማታ ደውዬ እጠይቅሻለሁ።"

የመጨረሻዋን ሐረግ አትቁረጧት። ሐሙስ ማታ ደግሞ ደውሉ።